ባዶ አዳራሽ ውስጥ የቆምኩበት መድረክ

ከዴንቨር ወደ ላስ ቬጋስ የተጓዝኩት ለመታየት ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 2021፣ የኮሮና ጭምብል ገና ከፊታችን ያልወረደበት። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። በወሩ መጨረሻ የቡድን መሪ ሊሾም ስለሆነ አለቃዬ «ሥራህ ጥሩ ነው፤ ግን ማንም አያውቅህም» አለኝና ወደ ቴክኖሎጂ ጉባኤ ላከኝ። ሹመቱን ክፉኛ ፈልጌዋለሁ።

ሐሙስ

ያረፍኩት ሰንራይዝ ማነር በሚባል የላስ ቬጋስ ዳርቻ ሰፈር፣ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ ቤት ነው። እሳቸው ጉባኤው በሚካሄድበት ሆቴል ወንበር ይደረድራሉ። «የጠዋት ሺፍት ነኝ፤ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ።

አዳራሹ ደጃፍ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰባት ዶላር ነው። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሰዉ ነው፤ ከሚያዳምጠው ፎቶ የሚነሳው ይበዛል። ባለሙያዎች የሚገናኙበትን ገጽ ከፍቼ አየሁ። ሁሉም «በታላቅ ትሕትና» ብሎ ይጀምርና ስለ ራሱ ሲዘረዝር ይውላል። ትሕትና ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዓርብ

አዳራሹ ሳይሞላ መድረኩ ላይ ወጥቼ ማይክራፎኑ ጋ ቆምኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ፎቶ ያንሱኝ።»

«ልትናገር ነው እንዴ?»

«አይ፣ ለማስታወሻ ነው።»

የያዙትን ወንበር አስቀምጠው አነሱኝ። ከፎቶው ሥር «በዚህ ታላቅ መድረክ ላይ በመቆሜ ክብር ተሰምቶኛል» ብዬ በዚያው ገጽ ላይ ለጠፍኩ። ቃል በቃል እውነት ነው፤ በብልጠቴም ተደሰትኩ። ምሳ ሰዓት ላይ አለቃዬ «እንኳን ደስ ያለህ፤ ሰኞ ንግግርህን ለቡድኑ ታቀርባለህ» ብሎ ጻፈልኝ። ሳንድዊቼን ትቼ የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት።

እሁድ

ጋሽ ታደሰ ወደሚያመልኩበት የወንጌል ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። እዚያ የምስክርነት ሰዓት አለ፤ እግዚአብሔር የረዳው ሰው ተነስቶ ይናገራል። ፓስተሩ ጽሑፌን አይተውት ኖሯል። «በትልቁ ጉባኤ የተናገረው ወንድማችን ይመስክር» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ጋሽ ታደሰ ግን አላጨበጨቡም፤ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው አፈሩ።

«አልተናገርኩም» አልኩ። «አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንበር ሲደረድሩ የነበሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው ፎቶ ያነሱኝ።»

ከኋላ አንዲት እናት በልማድ «አሜን» ሲሉ ሰዉ ሳቀ። እኔም ላብ እያጠመቀኝ ሳቅኩ።

ማታ ጋሽ ታደሰ ኤርፖርት አድርሰውኝ መኪናውን ፓርክ እንዳደረጉ «አለቃህስ?» አሉ።

«እሱ አያውቅም።»

«እንግዲያው ምስክርነትህ አላለቀም።»

አውሮፕላኑ ሳይነሳ ጽሑፉን አጠፋሁና ለአለቃዬ እውነቱን ጻፍኩለት። ዴንቨር ስደርስ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» የሚል መልስ ጠበቀኝ፤ ሌላ ቃል የለውም። በወሩ መጨረሻ ሹመቱ ለሌላ ሰው ሆነ። አልዋሽም፣ ቆጭቶኛል። ቃሉ ሁሉ እውነት የሆነ ውሸት እንዳለ ግን በዚህ ጉዞ ተምሬያለሁ።

ጋሽ ታደሰ ደውለው ውጤቱን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

«የዚያን እሁድ ለአባትህ ደውዬለት ነበር» አሉ። «ልጅህ ሰው ፊት ሲናገር ሰማሁት አልኩት።»