ቢተው ችግር ሲያፈላልግ

ቢተው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ዓመት አልጋና ቁም ሣጥን የሠራ አናጢ ነው። ጎረቤቴ ነው፤ የሠራልኝ ጠረጴዛ ዛሬም አንድ እግሩ ያነክሳል፤ እሱ ግን ጥፋቱ የወለልህ ነው ይለኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አንድ የወጣቶች ማሠልጠኛ ጠርቶ የዲዛይን መምህር ያደረገው።

ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጡ፣ ዕድሜያቸው አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ቢሆን ነው። ክፍሉ ለስድስት ወር ሙከራ የተከፈተ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገምጋሚ ካልተቀበለው በዚያው ይዘጋል። ቢተው መጀመሪያ ግድም አልሰጠው። በኋላ ግን ልጆቹን ወደዳቸውና የክፍሉ ነገር እንቅልፍ ነሣው።

የተሰጠው መመሪያ ገና ከመጀመሪያው ገጽ «ዕቃ ከመሥራታችሁ በፊት ሰውን ችግሩን ጠይቁ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ጎጃምን አያውቅም። ልጆቹ በገበያ ቀን ደብተር ይዘው ወረዱና «እናቴ፣ ምን ችግር አለብዎት?» እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ። ሲመለሱ ቢተው ደብተሮቹን ገለጠ። ከቁይ ጤፍ ያመጡት እናት «ተመስገን ነው» ብለዋል። ሽንኩርት ሻጩ «ምን ጎድሎብኝ፣ ክብሩ ይስፋ» ብሏል። በርበሬ የምትሸጠው ሰልማ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለኝ» ብላለች። አርባ ሰው ተጠይቆ አርባውም ደኅና። አልፈርድባቸውም፤ ደብተር ለያዘ ሰው ችግርን መዘርዘር በኛ አገር ከልመና ይቆጠራል።

ቢተው ሁለት ቀን አኮረፈ። መላውን ያገኘችው ማንጠግቦሽ ናት፤ በክፍሉ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ። በቀጣዩ ገበያ ሰልማን ትታ አጠገቧ የምትሸጠውን ሴት «እትዬ፣ ሰልማን ምን ቸገራት?» አለቻት።

«የሷን አታንሺው» አለች ሴትዮዋ። «ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወገቧ አለቀ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በርበሬውን የምትከትበት አጥታ ስንቴ በሰበሰባት።»

ሰልማም በተራዋ የሴትዮዋን ችግር ተናግራ ሁለት ገጽ አስሞላች። ለካ ሰው የራሱን ይሸፍናል እንጂ የጎረቤቱንማ በቃሉ ይዞታል።

ልጆቹ ለሰልማ መደገፊያ ያለው፣ ከሥሩ ትልቅ መሳቢያ የተገጠመለት በርጩማ ሠሩላት። ዝናብ ሲያስገመግም በርበሬውን ወደ መሳቢያው መክተት ነው። ሰልማ «ምንም አልቸገረኝም ነበር፣ በከንቱ ደከማችሁ» ብላ ተቀመጠችበት። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው ስትለቅ አላየሁም።

ገምጋሚው የመጣ ቀን እኔም ለማየት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰውዬው የበርጩማውን ሥራ አይቶ ደስ አለው። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና ቢተውን ጠየቀው።

«ክፍሉ እንዲቀጥል የሚቸግራችሁን ንገሩኝ። ችግር ለሌለበት ቦታ ድጋፍ አንሰጥም፤ ሌላ የሚጠብቅ ብዙ ነው።»

አሥራ አንድ ልጅ ለአንድ መጋዝ ወረፋ ይጠብቃል። ጣራው ስለሚያፈስ እንጨቱ ላስቲክ ለብሷል። ቢተው በዚህ ሁሉ መሐል ቆሞ ኮቱን አስተካከለና «ተመስገን ነው። ምንም አልጎደለን» አለ።

በጣም ተናደድኩበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቶ አያውቅም? ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ገምጋሚው «ችግር የለም» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ማንጠግቦሽ ተነሣች።

«እውነታቸውን ነው፣ እኛ ምንም አልቸገረንም» አለች። «ግን አንድ ጎረቤት አሉን፤ አናጢ ናቸው፣ ልጆች ያስተምራሉ። የእሳቸውን ልንገርዎ?»

ገምጋሚው ቢተውን አየው፣ እሷን አያት፣ አዲስ ገጽ ገለጠ። መጋዙን፣ ጣራውን፣ ወረፋውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው።  ስትጨርስ ቢተው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምስኪን» አለ፤ «መሮም እኮ የለው።»