የሉብና መሐላ

ሉብና ግራና ውስጥ ከባሏ አባት ከሐጂ ኢዘዲን ጋር ትኖራለች። ባሏ ዓሪፍ ሲሪንቃ ተቀጥሮ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ቀን የሽማግሌውን ሽርጥ ስታጥብ ደም አየች።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» አለቻቸው።

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ሽንታቸው ደም መቀላቀል ከጀመረ ሰንብቷል፤ ከመስጊድ የቀሩትም ልብሴን ነጃሳ ነክቶታል፣ ለሶላት አይሆንም ብለው ኖሯል። «አያመኝም፣ ይተወኛል። ለዓሪፍ እንዳትነግሪ» አሏት። ደንግጣ «ወላሂ አልናገርም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጠበባት። ብትናገር መሐላዋን ልታፈርስ ነው፤ ዝም ብትል ዓይኗ እያየ ሊያልቁ ነው። ጎረቤት እንዳታማክር የአማት ገመና ነው። ዓሪፍ ደውሎ «አባቴ ደህና ናቸው?» ባላት ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወሬ ትለውጣለች።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ሐጂ ሽንት እንቢ ብሏቸው ግድግዳ ተደግፈው ሲያቃስቱ አገኘቻቸው። ስልኳን አንስታ «አሁኑኑ ና፣ አባትህ ደም ሲሸኑ ሰንብተው ዛሬ ጭራሽ ሽንት እንቢ አላቸው» አለችው።

ዓሪፍ ደርሶ መርሳ ወሰዳቸው። እዚያ ያየቻቸው ሐኪም «ሽንት ላይ ደም ከታየ፣ ባያምም ዝም አይባልም» ብላ ወደ ደሴ ላከቻቸው። ፊኛቸው ውስጥ እጢ ተገኝቶ ወጣላቸው።

ሉብና ላፈረሰችው መሐላ ማስተሰረያ የሚሆን ከፋራ ጾመች። ሐጂ ግን ቤት ከገቡ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አያናግሯትም። ሐኪሞቹ ደግሞ «እጢው ሊመለስ ይችላልና ሽንታቸውን ተከታተሉ» ብለዋል። በየትኛው አፏ እንደምትጠይቃቸው አታውቅም።