እናቴ ከውስጥ ሳለች የተቀየረው ምሰሶ

የመጨረሻው ልጄ ስልኩ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ አለ፤ ሰውየውን ጫካ ይጥሉታል፣ እንጨት ለቅሞ ድንጋይ ፈልጦ ቤት ካልሠራ አውሬ ይበላዋል። እኔ ከሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ምኑም አይገባኝም፣ ግን ልጅ አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል ስለምፈራ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። ትናንት የሣሩን ግድግዳ በጣቱ ነካ ቢያደርገው እንጨት ሆነ፣ እንጨቱን ቢነካው ድንጋይ ሆነ፣ ጣሪያው ንቅንቅ አላለም። ቤቱ ሳይፈርስ እንዴት ይቀየራል ብዬ ጠየቅኩት። «ዕቃውን ካሟላሽ እዚያው በቦታው ያድጋል እማ፤ ብቻ ተሸካሚው ከተሰበረ ከላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል» አለኝ። እኔ ግን ልቤ ያደግኩበት አንገር ጉቲን ሄዷል።

በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው እዚያ ቆላ ሲያሰፍሩን ገና የወተት ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ። ጎጆዋን በጥድፊያ ነው ያቆምናት፣ ግድግዳዋ ሣር፣ ደጅ ካባራ በኋላ እንኳ ውስጥ የሚዘንብባት። አባቴ ከማሳ ሲመለስ ሣሩን ገፎ ማገር ይመታል፣ እኛም ጭድና ጭቃውን እየዘለልን በእግራችን እናቦካለን፣ እሱ ይመርጋል፤ እንዲህ እያልን ከነነፍሷ አሳደግናት። የሳትነው አንድ ነገር ነው፤ ምሰሶውን አባቴ እንደ ደጋ ልማዳችን ልጦ ብቻ ተከለው፣ የቆላ ምስጥ መቼ ያውቅና።

በክረምቱ እናቴ ወንድሜን በወለደች ሰሞን ጣሪያው ወደ መደቧ ማዘንበል ጀመረ። አባቴ ምሰሶውን በጥፍሩ ቢጭረው እንደ በሶ እጁ ላይ ቀረ። ውጪ ብሎ ለመናት፤ አራስ ግን በእኛ ወግ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አትወጣም፣ ልጄን ለዶፍ ከምሰጥ ይውደቅብኝ ብላ እምቢ አለች።

ቢቸግረው ኦቦ ነገራን ጠራ። እኚህ ኦሮሞ ጎረቤታችን የከብቶቻቸው መሰማሪያ ላይ ሰፍረንባቸው ቢያኮርፉ የማይፈረድባቸው ሰው ነበሩ፤ ግን ወንድሞቻቸውን አስከትለው፣ ጫፉ በእሳት ተለብልቦ የጠቆረ ምሰሶ ተሸክመው መጡ፣ እንዲህ ካልጠቆረ ምስጥ አይምረውም ብለው። አራሷ ካልወጣች እኛ ጣሪያውን እንሸከማለን አሉና በመደቧ ዙሪያ በባላ እንጨት ደገፉት። አሮጌው ሲነቀል ጣሪያው አቃሰተ፣ ሣርና አፈር ላያችን ላይ ዘነበ፣ እናቴ ወንድሜን በደረቷ ሸፈነችው፣ እኔ እግሯን አቀፍኩ። ኦቦ ነገራ አራስ ላለማየት ጀርባቸውን ሰጥተው አንዱን ባላ አቅፈው ነበር።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ እህቴ፤ መጀመሪያ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«እርስዎን ታዲያ ማን ያነሣዎታል? እኔ አራስ ነኝ» አለች እናቴ።

በሳቅ ጣሪያውን ሊለቁት ነበር። አዲሱ ምሰሶ ቆመ፤ ያም ምሰሶ ኋላ ቆርቆሮ ተሸከመ።

ዛሬ ነቀምቴ ባኬ ጃማ የብሎኬት ቤት አለኝ፣ ተመስገን። ነፋስ ሲነሣ ግን አሁንም እፈራለሁ፣ ብጮህ ማን ይመጣል እያልኩ፤ ከግንቡ ወዲያ ያለውን ጎረቤቴን በመኪናው ድምፅ ነው የማውቀው። ኦቦ ነገራ ካረፉ ቆዩ፣ ቀብራቸው ላይ እንኳ አልደረስንም። ያ ጨቅላ ወንድሜ አሁን ሸብቷል። ሊጠይቀኝ መጥቶ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ሽበቱን አይቼ አምላኬን አመሰግናለሁ፤ ቀጥሎ የማመሰግናቸውን ሰው ፈልጌ አጣለሁ።