ሰባተኛዋ ላም

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም፣ ልጆቼም አያውቁትም። ለአላህ በሱጁድ ነግሬዋለሁ፤ ለሰው ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አንተ የምታነበኝ ሰው የመጀመሪያው ነህ፤ እስክጨርስ ድረስ አትዘንልኝ።

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሰዓት እጠግን ነበር። እጄ ይመሰገናል፤ እኔም መመስገን እወዳለሁ። ከገሳይ ገጠር የሚመጡት እትየ ማንጠግቦሽ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ወደ ሱቄ ጎራ ይሉ ነበር። የሚያመጡት ሰዓት ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ይበልጣል የሚባለው አንድ ልጃቸው መንግሥት ልኮት ውጭ አገር ኤሌክትሮኒክስ ይማራል። እሳቸው መሠረተ ትምህርት ገብተው ስማቸውን መጻፍ ችለዋል፤ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ የልጁን ደብዳቤ የማነበው፣ መልሱንም የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ በሰው እጅ ዕቃ መጣላቸው። ይበልጣል በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ራሱ የሠራው፣ በእጅ የሚያዝ ጨዋታ ነው። መዳፍ ያህላል፤ መስታወትና አራት ቁልፎች አሉት። መስታወቱ ላይ ሰባት ላሞች፣ የገብስ ማሳና በረት ይታያሉ። አንዱን ቁልፍ ስትጫን ላሞቹ ሁሉ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ጨዋታው ገብሱ ሳይረገጥ ሁሉንም በረት ማስገባት ነው። እትየ ማንጠግቦሽ በቀጣዩ ወር የጽዋ ማኅበራቸው ተረኛ ደጋሽ ስለነበሩ፣ በዚያ ቀን የልጃቸውን ሥራ እንደሚያሳዩ ለማኅበርተኞቹ ሁሉ ተናግረዋል። «ባትሪ ድንጋዩን አግባበትና፣ አጨዋወቱንም አጥንተህ ቆየኝ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ።

እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ቅር አለኝ። እኔ ሲኒማ ነበር የጠበቅኩት። ላም የተባሉት ምስር የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ሳቅሁበትና መጫወት ጀመርኩ። ስድስቱን አስገባለሁ፤ ሰባተኛዋ ገብሱ ውስጥ ትገባለች። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ እኔ ላም ስነዳ ዋልኩ። የማላውቀው ሰው ሠርቶት ቢሆን እተወው ነበር። ግን እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት ትምህርት ይበልጣልን ባሕር አሻግሮታል፤ ያ የገበሬ ልጅ ከእኔ ሊበልጥ? ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ‘ስህተቱ የእሱ ነው፣ ለሰባተኛዋ መግቢያ አልሠራላትም’ አልኩና ስህተቱን ላገኝ ማሽኑን ፈታሁት። ውስጡ መስታወቱን ከቀረው አካል ጋር የሚያገናኝ ስስ ሪባን ነበር። በመቆንጠጫዬ ስነካው ተነቀለ። በማስቲሽ ብለጥፈው፣ ባስረው፣ አልመለስ አለ። መስታወቱ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ቅዳሜ እትየ ማንጠግቦሽ ሁለት ማኅበርተኞቻቸውን አስከትለው መጡ። «እህ ሰዒድ፣ ዳልቻን አስገባሃት?» አሉኝ እየሳቁ። ከዕቃው ጋር በመጣው ደብዳቤ ልጁ ‘ሰባተኛዋ ታስቸግራለች’ ስላለ፣ በራሳቸው ላም ስም ነበር የሚጠሯት፤ ዳልቻ ከሰው ማሳ አትወጣም ነበርና።

ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነው፤ ሰበርኩት። ሁለቱ ሴቶች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «እትየ፣ አይቀየሙኝና ዕቃው ድሮም የተሟላ አይደለም» አልኩ።

«ስትል? ልጄ አልቻለውም?»

«አልቻለውም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽን መሰበሩ ምንም አልነበረም፤ ማሽን ይሰበራል። እኔ ግን አልቻለውም አልኩ። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «እንግዲህ ገና ተማሪ አይደል» አሉ ለሴቶቹ። ከዚያ ተቀምጠው ደብዳቤ አስጻፉኝ። «ጨዋታው እዚህ አልሠራም። አይክፋህ፤ ብትችልም ባትችልም ልጄ ነህ።» በገዛ እጄ፣ በጥሩ ጽሕፈቴ ጻፍኩት።

መልሱ ከአራት ወር በኋላ መጣ። «እማ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩሽ፣ ይቅር በይኝ» ይላል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ይሠራ ነበር። ምናልባት መንገድ ላይ ሪባኑ ተነቅሎ ይሆናል፤ በሞቀ ብረት ቀስ ብለው ሲጫኑት ይመለሳል። ለሰዒድ ስጪው፣ ለእሱ እጅ ቀላል ነው።»

የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁለተኛውን ዘለልኩትና ወደ ሰላምታው አለፍኩ። ለምን? ጠግኜ ብሰጣቸው ባለሙያ እባል አልነበረም? ግን ያን ጊዜ፣ ‘ታዲያ ለምን አልቻለውም አልከኝ?’ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለዚህች ለአንዲት ጥያቄ ስል የልጅን ቃል ከእናት ጆሮ አስቀረሁ። እሳቸው፣ «ይቅርታ ጠየቀኝ? ምን አጠፋና?» ብለው አለቀሱ። ማሽኑንም፣ «ለመለዋወጫ ይሁንህ» ብለው ለእኔው ተዉልኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጃቸው ትምህርት ለሰው ሲያወሩ አልሰማሁም።

ልጁ ሳይመለስ ሞቱ። ለተዝካራቸው ሲደርስ ሱቄ ድረስ መጣና፣ «ደብዳቤዬን ሁሉ ያነበብክላት አንተ ነህ፣ ውለታህን አልረሳም» አለኝ። «ኧረ ምን አደረግሁና» አልኩት። እንዲህ አልኩት።

እሱ በሄደ ማግስት ብረት አሙቄ ሪባኑን ተጫንኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጨዋታውም ስህተት አልነበረበትም። ሰባተኛዋ የምትገባው የገቡትን መልሰህ ካስወጣህ ብቻ ነው፤ እኔ ያገኘሁትን መልቀቅ አቅቶኝ ነው። ሁሉም ሲገቡ ነጥቦቹ ተሰባስበው አንዲት ሴት ይሆናሉ፤ ሴትዮዋ የበረቱን በር ትዘጋለች። እትየ ማንጠግቦሽ ይህችን ሴት ሳያዩ ሞቱ።

በዘመኑ አላሳብብም። ዘመኑ የራሱ ብዙ ክፋት ነበረው፣ ይህ ግን የእኔ ነው። ነገ ማሽኑንና ይህን ወረቀት አንድ ላይ ጠቅልዬ ለይበልጣል እልካለሁ። ‘ይቅር በለኝ’ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። ያን ቃል እሱ በእኔ ጥፋት አንድ ጊዜ ጽፎታል። ወረቀቱን ራሱ ያነበዋል፤ መስመር የሚዘልበት ሰው የለም።