በእኔ ክንድ የተለካው ምሳር

ባለፈው ገበያ ጨፋ ሮቢት፣ ብረት ከሚሸጥበት ጥግ ቁጢጥ ብዬ ምሳር ስመርጥ ዓለም ጥሎኝ ሄደ... ወላሂ ልጆቼ፣ እንቅልፍ አልነበረም።

ከስሩ ላውራላችሁ። እኔ ስናገር የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት፤ ወሬው ካጠረባችሁ የሷ ጥፋት ነው።

አባ ከድርን፣ ባሌን ማለቴ ነው፣ ባለፈው ክረምት ቀኝ ጎኑን ነካ አደረገው። አልሀምዱሊላህ ይሄዳል፣ ይሰግዳል፣ ይቆጣል። ቀኝ እጁ ግን ማንኪያ ሲያነሳ እንኳ ይንቀጠቀጣል። እሱ ደግሞ ከብቱ ወደ ጨፋ ሳር ሳይወርድ የማሽላውን ዐጥር እኔው ራሴ በእሾህ ካላጠርኩ ይላል። ዱሮም የሚያጥረው እሱ ነው።

ልጃችን ከድር «አባባ ይቀመጥ፣ ሰው እናስገባለን» ሲለኝ አፉን በእጄ ያዝኩት። ሰውዬዬ ይቺን ቃል ቢሰማ እዚያው እንደተቀመጠ ነው የሚቀረው... አውቀዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ከሶላት በኋላ ብቻውን ወደ ጓሮ ይዞራል። አንድ ቀን ተደብቄ አየሁት። ያንን ከባድ ምሳሩን አነሳ... ጉልበቱ ድረስ አደረሰው... መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም፣ ገባሁ።

በሆዴ ግን ዘዴ አሰብኩ። መልኩ የድሮውን የሚመስል፣ ክብደቱ ግን ቀለል ያለ ምሳር እገዛለሁ። የድሮው ዛቢያው ተሰነጠቀ እለዋለሁ። አለቀ።

ሻጩ ጎልማሳ ነው፤ ብረቱን ሸራ ላይ ደርድሮ፣ እጀታ የሚሆነውን የወይራ ዛቢያ ለብቻው ከምሮታል። «አካም ጂርታ አዮ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለ እንደ እናቱ ተቀበለኝ። እኔም አንድ ባንድ እያነሳሁ በጥፍሬ መታ፣ ጆሮዬ ላይ ለጠፍ። ደህና ብረት ይጮሃል። ስንጥቅ ያለበት ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚያወራው። ይሄ ታሟል፣ ያም ታሟል እያልኩ ስመልስለት ሰውዬው ሰለቸው።

«አዮ፣ ምሳር ነው ወይስ ምራት የምትመርጪው?»

«ምራትማ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል፣ ጆሮ ላይ መለጠፍ አያስፈልጋትም» አልኩት።

ከዚያ አንዱን መታ ሳደርገው... ድምፁ ቀጭን፣ ረጅም፣ አያልቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ገበያው ጠፋ።

ቦርከና ዳር የጠዋት ጉም ተኝቷል። እኔ ገና ሙሽራ ነኝ፣ ከወንዙ ወዲህ ቆሜያለሁ። አባ ከድር ከወዲያ ማዶ ግራር ይቆርጣል። ከወገቡ በታች ጉሙ ውጦታል፣ ደመና ላይ የቆመ ነው የሚመስል። ክንዱ ሲወርድ አያለሁ... ድምፁ ግን የለም። ክንዱ ወደ ላይ ሲመለስ ነው «ጧ» ብሎ የሚደርሰኝ። ምሳሩ እሱ ጋ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ወንዙን ተሻግሮ ወደኔ የሚመጣ... ሱብሃነላህ፣ እንዴት ያለ ጠዋት ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ ምሳሩን ከራሴ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ክብ ሰርቶ ራቅ ብሎ ቆሟል። ቲማቲም ሻጯማ ሰፌዷን ታቅፋ ሸሽታለች።

«አብሽሩ፣ ማንንም አልፈልግም» አልኳቸው።

ለዚሁ ዛቢያ ስካልኝ አልኩት። ሰውዬው ባለቤቱ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዛቢያ እኛ ጋ የሚቆረጠው በባለቤቱ ክንድ ነው፣ ከብብት እስከ ጣት ጫፍ። ባሌ ታሞ ነው ብል ደግሞ ወሬው እኔን ቀድሞ ከሚሴ ቤታችን ይገባል። የኔ ነው አልኩ። እሱም ሳይስቅ ክንዴን ለካ፣ ቆርጦ ሰካልኝ። እኔ ገና ከጉሙ መች ወጥቼ... ምንም አልታየኝም።

ቤት ስደርስ አባ ከድር ደጅ ተቀምጧል። ውሸቴን ገና ሳልጨርስ ምሳሩን በግራ እጁ ተቀበለኝ። ቀለል ሲለው አየሁ፣ ፊቱ ፈካ አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ዛቢያውን ብብቱ ስር አድርጎ ክንዱን ዘረጋ። ጣቶቹ ከዛቢያው ጫፍ አልፈው ወጡ።

ያኔ ነው የሰራሁት ስራ የገባኝ።

ቀስ ብሎ፣ «ኩን ከን ኬቲ» አለኝ። ይሄ ያንቺ ነው ማለቱ ነው።

በቃ ልቡን ሰበርኩት አልኩ። እሱ ግን ተነስቶ ከበሩ ኋላ ባላውን አወጣ። ባላ ያ ጫፉ መንታ የሆነው እንጨት ነው፤ እሾሁ እንዳይወጋ ቅርንጫፉን መሬት ላይ ይጫኑበታል። ከተጋባን ጀምሮ እኔ በባላ እጫናለሁ፣ እሱ ይቆርጣል።

«ባላ በግራ እጅም ይያዛል። ጠዋት ጠዋት ሞክሬዋለሁ» አለኝ። «ምሳሩን አንቺ ያዢው ብዬ እንዴት ልንገርሽ እያልኩ ነው የከረምኩት።»

በነጋታው እሾህ ልንቆርጥ ቦርከና ዳር ወረድን። ጉሙ አልተነሳም ነበር። እሱ በግራው ይጫናል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ከማዶ አንድ ሰው ቆሞ ያየናል... ክንዴ ሲወርድ አይቶ ድምፁን እየጠበቀ ይሆናል አልኩ በሆዴ።

አንድ ነገር ብቻ፤ ባላ ይዤ ዕድሜዬን ሙሉ «እንደሱ አይደለም» ስለው ኖሬ አሁን ተራው የሱ ሆነ... ለካ እንዲህ ያናድድ ኖሯል!