ጠፍርና ደም ስር

በሚሊኒየሙ ዓመት ገብስ ስንወቃ አባቴ ራሳቸውን አዞራቸውና አውድማው ዳር ቁጭ አሉ። በሥራ መሃል የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። በማግስቱ እየተጨቃጨቅን ራቤል ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳቸው።

ጤና መኮንኑ ልጅ እግር ነው። ግፊታቸውን ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ከዚያ የእጃቸውን አንጓ ይዞ ደም ስራቸውን በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። ትሁት ልጅ ነው፣ ማስረዳት ይወዳል። መዘዙም እሱ ነው።

«አባቴ፣ ልብ ደም በገፋች ቁጥር የደም ስር ግድግዳ ለጠጥ ብሎ ያሳልፍና መልሶ ይሰበሰባል። የእርስዎ ደርቋል፤ እንደ ድሮው አይለጠጥም። ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ግድግዳው ይብስ ይደርቃል።»

«እንደ ጠፍር በለኛ!» አሉ አባቴ።

«ልክ እንደ ጠፍር» አለ ልጁ፣ ስለገባቸው ደስ ብሎት።

አባቴ ቆዳ አልፍተው ጠፍር የሚተለትሉ ሰው ናቸው፤ የሰፈራችን የጠፍር አልጋ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። የደረቀ ጠፍር ምን እንደሚደረግለት አሳምረው ያውቃሉ፤ ቅቤ ይቀባል። ክኒኑን በየቀኑ ይዋጡ፣ ጨውና ቅባት ይቀንሱ ሲባሉ «እሺ፣ እሺ» አሉ። ስንወጣ ልጁ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ክኒኑን ካቋረጡ አንድ ቀን ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለ ስር ሊበጠስ ይችላል አለኝ።

በነጋታው ጠዋት በሶውን በቅቤ ለወሱት።

«አባባ፣ ቅባት ይቀንሱ ተብለው የለም እንዴ?»

«ይኼ ቅባት አይደለም፣ መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒቱማ ክኒኑ ነው!»

«ደረቅ ጠፍር በክኒን ሲለሰልስ አይተሻል?»

አላየሁም። ክኒኑን ከበሶው አጠገብ ባስቀምጥላቸውም ሳይነኩት ተነሡ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ይገላግለኛል ብዬ ነበር። ኧረ እቴ! መቀባት ጾም እንደማይሽር የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው አንገታቸውንና የእጃቸውን አንጓ በለጋ ቅቤ ያሹ ጀመር። ድመቷ ከአጠገባቸው አትጠፋም። አንገታቸው ላይ ያለው ስር ሲዘል ከደጅ ይታያል። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እየለሰለሰ ነው፤ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አታይም?» ይላሉ በኩራት።

ለመንኳቸው። አለቀስኩ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባቸው፦ «ክኒኑ እኮ ጠፍሩን አያለሰልስም! ጭነቱን ነው የሚያቀልለት!»

የያዙትን ቅቤ አስቀመጡ። ጭነት ያውቃሉ።

«እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ማን አለ?» አሉ ቆጣ ብለው። «በይ፣ ፋሲካ ይለፍና እጀምረዋለሁ።»

ፋሲካ ሳምንት አልቀረውም ነበር፤ እኔም ተመስገን አልኩ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ሰው ጸሎት ላይ ያሉ መስሎት ዝም አላቸው። ኋላ ቀና ሲያደርጓቸው አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዞሯል።

ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ክኒኑን ይዤ ስቀርብ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይውጣሉ። ግፊታቸውም ወረደ፤ ጤና መኮንኑ በርቺ ብሎኛል። ምነው አንድ ቀን እንኳ በተከራከሩኝ!