ባልተመለስኩበት መንገድ የጠበቁኝ ሰው

ዛሬ ጠፍቼ ነበር አሉ። እኔ ግን ሞጣ ቤቴ ውስጥ ጫማዬን አውልቄ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

እሁድ ከመምህራን ጓደኞቼ ጋር ኮረብታው ላይ ወዳለው የድሮ ግንብ በእግር ልንሄድ አስበናል። በአንድ በኩል ወጥተን በሌላው ዞረን እንወርዳለን፣ ብዙም አይከብድም።

እኔ እሁድን መጠበቅ አቃተኝና ዛሬ መንገዱን ልሞክር ብቻዬን ወጣሁ።

ዳገቱ ሥር አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ማን እንደሆንኩና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። «የሞጣ መምህር ነኝ፣ ግንቡን አይቼ እመለሳለሁ» አልኳቸው።

ተመለስኩም፣ በወዲያኛው በኩል። ስልኬ ካርታ ላይ የሄድኩበት መስመር ዞሮ ሲገጥም ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አስቀርቻለሁ።

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። አያ ታከለ ናቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ስመለስ ስላላዩኝ ገደል ገብቶ ይሆናል ብለው ግንቡ ድረስ ወጥተው ሲጣሩ ቆይተዋል። ከዚያ ቤቴን እያጠያየቁ ከተማ ገቡ።

«እመለሳለሁ አላልከኝም?» አሉኝ። ይግቡ ብላቸው፣ ሳይጨልም ልድረስ ብለው ሄዱ።

ይኸው እስካሁን ቁጭ ብድግ እላለሁ። ጓደኞቼ ደስ የሚለው መዞሩ ነው ይላሉ። እኔ እሁድ በወጣሁበት ነው የምወርደው።

እናንተንስ ሳታውቁት መንገድ ላይ የጠበቃችሁ ሰው አለ?